በሞተር ብስክሌት ላይ ካሜራን ከርቀት ስለ ማዘዝ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ አንድ የሥራ መሣሪያ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ታላላቅ የፊልም ካሜራዎች ወይም ከአየር ላይ ስለሚደረግ ቀረጻ እንደምናገር ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔ ግን የመረጥሁት ከክብሪት ቀፎ እምብዛም የማይበልጥ፣ በእጅ አንጓ ላይ እንደ ሰዓት የሚታሰር፣ ጥቂት ቁልፎች ብቻ ያሉት መሣሪያ ነው። ይኸውም በሞተር ብስክሌት እየተጓዘ የሚቀርጽ ባለሙያ በራስ ቁሩ ወይም በሞተሩ አካል ላይ የተገጠመውን አክሽን ካሜራ ሳይነካ የሚያስነሣበትና የሚያቆምበት የርቀት መቆጣጠሪያ ነው። መሣሪያው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በእርሱ ዙሪያ የባለሙያው ሕይወትና የሌላ ሰው ክብር ስላለ፣ ጊዜያችሁን ልሻማ ደፍሬአለሁ።

ካሜራን በሞተር ብስክሌት ነጂ ላይ የማሰር ሐሳብ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ብሩስ ብራውን በ1971 ባወጣው «ኦን ኤኒ ሰንደይ» በተባለው ዘጋቢ ፊልም፣ ተወዳዳሪው የሚያየውን ተመልካቹም ያይ ዘንድ ካሜራ በራስ ቁር ላይ አስሮ ሠርቷል። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዘመን ካሜራውን ማስነሣትና ማቆም የብርቱ ቁጠባ ጉዳይ ነበር፤ መቶ ጫማ ርዝመት ያለው የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ሲሄድ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃልና።

ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ካሜራ የተስፋፋው ኒክ ውድማን በ2002 ባቋቋመው ጎፕሮ በተባለው ድርጅት አማካይነት ነው። የድርጅቱ የመጀመሪያ ካሜራ በ2004 ሲወጣ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሠራ፣ በባሕር ማዕበል ላይ ለሚንሸራተቱ ሰዎች ተብሎ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ነበር። ነገሩ ያስገርማል፤ ካሜራው መጀመሪያ የተወለደው በአንጓ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ራስ ቁር፣ ወደ ደረት፣ ወደ ሞተር መሪ ተሰደደ፤ በአንጓው ላይ የቀረው ቁልፉ ብቻ ሆነ። በ2012 በዋይፋይ የሚሠራው የጎፕሮ መቆጣጠሪያ ወጣ። በ2013 ሶኒ ምስሉን በትንሽ መስኮት የሚያሳይ፣ እስከ አምስት ካሜራ የሚያዝ የአንጓ መቆጣጠሪያ አቀረበ፤ ጋርሚንም በዚያው ዓመት ባወጣው ካሜራ በራሱ የእጅ ሰዓቶች የመታዘዝን ችሎታ ጨመረ። ከዚያ በኋላ የመጡት በአብዛኛው የእነዚህ ማሻሻያዎች ናቸውና አልዘረዝራቸውም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባና የሞተረኛውን አካል እንመልከት። ቀኝ እጁ ነዳጅ መስጫውን ይጠመዝዛል፤ የፊት ፍሬኑንም የሚጨብጠው እርሱ ነው። ግራ እጁ ፍሪሲዮኑን ይይዛል፤ ፍሬቻውና ክላክሱም በዚያው በኩል ናቸው። ቀኝ እግሩ የኋላ ፍሬኑን ይረግጣል፤ ግራ እግሩ ማርሽ ይቀይራል። መኪና የሚነዳ ሰው አንድ እጁን ቢያነሣ መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ሞተር ብስክሌት ግን ሚዛኑን የሚጠብቀው በእንቅስቃሴውና በነጂው አካል ነው። በዚህ የሥራ ክፍፍል ውስጥ ሥራ ፈት ሆኖ ለካሜራው የተረፈ እጅ የለም።

ከዚህ የሚከተለውን ጥያቄ የመሣሪያው ሻጮች ሲያነሡት አልሰማሁም። መቆጣጠሪያው እንደ ሰዓት በግራ እጅ አንጓ ላይ ሲታሰር፣ ቁልፉን የሚጫነው ማን ነው? ቀኝ እጅ ነው። ያም ማለት ሞተረኛው ካሜራውን ለማስነሣት ነዳጅ መስጫውን ይለቃል፤ ሞተሩ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ ከሁሉ በላይ ግን የፊት ፍሬኑ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ፍሬን በተያዘ ጊዜ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል፣ ሞተሩን ለማቆም አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን መሆኑን ሞተረኞች ሁሉ ያውቃሉ። ስለዚህ ሰዓት ማሰር በለመድንበት እጅ መቆጣጠሪያውን ማሰር፣ ልማድ እንጂ ማስተዋል አይደለም።

በቀኝ አንጓ ላይ ቢታሰርስ? ይሻላል፤ የሚለቀቀው ግራ እጅ ነውና ነዳጁና የፊት ፍሬኑ በቦታቸው ይቆያሉ። ሆኖም ግራ እጅ በደረት ፊት ተሻግሮ ወደ ቀኝ መሄድ አለበት፤ ትከሻም አብሮ ይዞራል፤ ትከሻ ሲዞር መሪውም የመዞር ጠባይ አለው። ደግሞም የጃኬቱ እጅጌና የጓንቱ አፍ መቆጣጠሪያውን ይሸፍኑታል። በቀጥታና በጠራ መንገድ ላይ ለአንድ አፍታ ሊደረግ ይችላል፤ በኩርባ ላይ ግን ከቶ አይሞከርም።

በእኔ አስተያየት ትክክለኛው ቦታ ከሰው አካል ላይ አይደለም። በአንጓ ይታሰር ዘንድ የተሠራውን መሣሪያ ከአንጓ አውጥቶ በመሪው ግራ ክንፍ ላይ፣ ከእጀታው አጠገብ፣ ግራ አውራ ጣት እጀታውን ሳይለቅ በሚደርስበት ስፍራ ማሰር ነው። ማሰሪያው ለአንጓ የተሠራ ስለሆነ ለቀጭኑ የመሪ ቧንቧ ይሰፋል፤ በመካከሉ አሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ቆርጦ መጠቅለል ያጠብቀዋል። የፍሪሲዮኑን ምላስ እንዳያግድ፣ ፍሬቻውንና ክላክሱንም እንዳይሸፍን ሞተሩ ቆሞ ሳለ ደጋግሞ መፈተሽ ያስፈልጋል። ይህ ሲሆን ጣት ይታዘዛል፤ እጅ ግን ከሥራው አይነሣም።

ስለ ዓይን ደግሞ ትንሽ ሒሳብ ልጥቀስ። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ በመኪና ውስጥ የሚገጠሙ መሣሪያዎች የነጂውን ዓይን በአንድ ጊዜ ከሁለት ሴኮንድ በላይ ከመንገድ እንዳያነሡ መክሯል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው በሁለት ሴኮንድ 33 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ 22 ሜትር ነው። በሶኒው ዓይነት መቆጣጠሪያ ላይ ያለው የምስል መስኮት ለባለሙያ እጅግ የሚያጓጓ ነው፤ የምስሉ አቀማመጥ ቀንቷል ወይስ አልቀናም የሚለውን ለማየት የማይጎመጅ ካሜራ ያዥ የለም። ግን ያ መስኮት በጉዞ ላይ ሲታይ 22 ሜትር መንገድ ሳይታይ ያልፋል። እኔ መስኮቱን ከመነሣቴ በፊት አየዋለሁ፤ ከዚያም በጥቁር ፕላስተር እሸፍነዋለሁ።

ነገሩ በግልጽ እንዲታይ ሁላችንም የምናውቀውን መንገድ ልውሰድ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደጋው ተነሥቶ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ በ2008 በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በተከፈተው ድልድይ ይሻገራል፤ ከዚያም እንደገና ይወጣል። አፈሩ የሚንሸራተት በመሆኑ አስፋልቱ በየስፍራው ያብጣል፣ ይሰነጠቃልም። ሲኖትራኩና ተሳቢ የሚጎትተው ከባድ መኪና ፍሬኑ ግሎ እየሸተተ ይወርዳል፤ ከፊት ለፊት ደግሞ የሚያቃስተውን ለመቅደም የሚወጣ አለ። ከድንጋዩ መካከል ዝንጀሮ ዘልሎ ይገባል። ለቀረጻ እንዲህ ያለ ስፍራ ማግኘት ያዳግታል፤ ለአውራ ጣት እንኳ ሥራ መጨመር ግን ይከብዳል።

ቁልቁለቱ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ እየያዘ የሚወረድ በመሆኑ ግራ እጅ በፍሪሲዮን ላይ ተጠምዶ ይውላል። መልካም ሆኖ የሚታየው ምስል ያለው ደግሞ በኩርባው ላይ ነው፤ ሸለቆው በድንገት የሚከፈተው እዚያ ነውና። እንግዲህ ካሜራው መነሣት ያለበት ኩርባው ሳይደረስ፣ በመታጠፊያው ሳይሆን በቀጥታው ላይ ነው። ጀማሪው ምስሉን ሲያይ ይጫናል፤ የለመደው ግን ምስሉ ሳይመጣ ይጫናል። ይህን ለማድረግ መንገዱን አስቀድሞ አንድ ጊዜ ያለ ካሜራ መሄድ ያስፈልጋል። ጊዜና ነዳጅ ይፈጃል፤ አሠሪዎቻችንም አይወዱትም።

አሁን ወደ ሌላ ችግር ልለፍ። አብዛኞቹ መቆጣጠሪያዎች የሚያስነሡትና የሚያቆሙት በዚያው በአንድ ቁልፍ ነው። ካሜራው በራስ ቁር ላይ ስለሆነ ሞተረኛው ሊያየው አይችልም፤ ካሜራው የሚያሰማው ትንሽ ድምፅ በነፋሱ ይዋጣል፤ በወፍራም ጓንት ውስጥ ያለው ጣት ቁልፉ መርገጡን በእርግጥ አይለይም። አንዲት መርገጫ ብትስት ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይገለበጣል፤ ሰውየው «አስነሣሁ» ሲል ያቆማል፣ «አቆምሁ» ሲል ያስነሣል። ማታ ካርዱ ሲከፈት የሚገኘው የሸለቆው ውበት ሳይሆን፣ ነዳጅ ማደያ፣ የሻይ ቤት ጠረጴዛና የሞተረኛው የገዛ ጫማ ነው። ይህ በሙያው ውስጥ ላሉ ሁሉ የታወቀ ቀልድ ነው። ቀልድነቱ የሚያበቃው ሞተረኛው ጥበቃ ወዳለበት ድልድይ ደርሶ፣ ካሜራውን እንዳቆመ በሙሉ ልብ ለጠባቂው በሚናገርበትና ካሜራው ግን እየቀረጸ በሚገኝበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ስለ አንድ ቁልፍ ሁለት ሥራ የሚያስረዳ ሰው ማን ያምነዋል?

የዚህ መድኃኒቱ ሁኔታውን መልሶ የሚናገር መቆጣጠሪያ መምረጥ ነው። ካሜራው በእርግጥ መቅረጽ መጀመሩን በቀይ መብራት ወይም በንዝረት የሚመልስ፣ ትእዛዝ መላክ ብቻ ሳይሆን መልስም መቀበል የሚችል መሆን አለበት። ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ መቆጣጠሪያዎች ቁልፉ ሲረገጥ የሚበራ መብራት አላቸው፤ ያ መብራት ግን ጣት መርገጡን እንጂ ካሜራው መስማቱን አይመሰክርም። ሁለቱ እጅግ የተለያዩ ናቸው።

በቃል የማዘዝ ነገር ሊነሣ ይችላል። ከ2016 ወዲህ የወጡ የጎፕሮ ካሜራዎች በቃል ይታዘዛሉ፤ እጅም ዓይንም ነጻ ስለሚሆን በወረቀት ላይ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይህ ይመስላል። በተግባር ግን ነፋሱ ድምፁን ይበላዋል፤ አፍ የሚሸፍን የራስ ቁርም ከውስጥ ያፍነዋል። በተጨማሪ ካሜራው ከሚሰማቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ የለም። በዓባይ በረሃ መካከል ሆኖ በራስ ቁር ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚጮህ ኢትዮጵያዊ ማየት ሌላ ፊልም የሚወጣው ነገር ነው።

ስለ ራዲዮው ባጭሩ ልናገር። እነዚህ መሣሪያዎች የሚነጋገሩት በዋይፋይ ወይም በብሉቱዝ፣ በአብዛኛው በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው። አምራቹ በ2014 ለወጣው የጎፕሮ መቆጣጠሪያ እስከ 180 ሜትር ይደርሳል ቢልም፣ ይህ በመካከሉ ምንም በሌለበት ሜዳ ነው። በሞተር ላይ ርቀቱ ከአንድ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ግን በመካከሉ በአብዛኛው ውሃ የሆነው የሰው አካል አለ፤ ውሃ ደግሞ ይህን ሞገድ ይውጣል። ካሜራው ከኋላ መቀመጫ ላይ ተገጥሞ መቆጣጠሪያው ከፊት ከሆነ ትእዛዙ አልፎ አልፎ ይጠፋል። በራስ ቁር ውስጥ የሚገጠመው የመነጋገሪያ ብሉቱዝም በዚያው ሞገድ ስለሚሠራ ይሻማል። ካሜራው ትእዛዝ እየጠበቀ በቆየ ቁጥርም ባትሪውን ይበላል፤ መለዋወጫ ባትሪ የማይይዝ ሰው ወደ በረሃው ባይወርድ ይሻለዋል።

የሞተሩ ንዝረትም ሊዘነጋ አይገባም። የካሜራው የምስል ገበታ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ ንዝረቱ ቀጥ ያለውን ምሰሶ እንደ ጄላቲ ያወዛውዘዋል። ከ2018 ወዲህ የተሻሻለው በስሌት የማረጋጋት ዘዴ ብዙ ረድቷል። በስልካቸው የሚቀርጹ ወጣቶች ግን አንድ ነገር ይወቁ፤ አፕል በ2021 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ኃይለኛ የሞተር ብስክሌት ንዝረት ሌንሱን እያንቀሳቀሰ የሚያረጋጋውን የስልክ ካሜራ ሊያበላሽ እንደሚችል አስታውቋል። ስልክን በመሪ ላይ አስሮ መቅረጽ ቁጠባ አይደለም።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ቀራጩ ነው። ስለሚቀረጸው ሰው ሳልናገር ብወርድ ግን ንግግሬ ጎደሎ ይሆናል።

ባለፈው ጊዜ ካሜራ ሲነሣ ሁሉም ያየው ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው ካሜራውን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ፣ በመንገድ ዳር ያለው ሰው መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ያገኛል። አንዱ ጋቢውን አስተካክሎ ይቆማል፤ ሌላዋ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ትሸፍናለች፤ ሌላው እጁን ያወዛውዛል፤ አንዳንዱም ድንጋይ ያነሣል። ካሜራውን ማንሣት ራሱ ጥያቄ ነበር። አሁን ግን ካሜራው ጧት እንደ ተገጠመ ነው፤ ዓይኑ ሁልጊዜ ክፍት ይመስላል፤ የሚያዝዘው ጣት ደግሞ በጓንት ውስጥ ነው። ጭድ ተሸክማ ወደ ገበያ የምትወጣው ሴት፣ አስከሬን ተሸክመው መንገዱን የሚያቋርጡት ለቀስተኞች፣ መቼ እንደ ተቀረጹና መቼ እንዳልተቀረጹ የሚያውቁበት አንዳች ምልክት የለም። ጥያቄው ስለጠፋ መልሱም ጠፋ።

በአደባባይ መንገድ ላይ ያለን ሰው ማየት ክልክል አይደለም የሚል ወዳጅ አለኝ፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ዳሩ ግን አይቶ ማለፍና አስቀርቶ ለማያውቁት ሰዎች ማሳየት አንድ አይደሉም። መንገደኛው ያየውን በማግስቱ ይረሳል፤ ካርዱ አይረሳም። በሩቅ እየታዩ የሚያልፉ ሰዎች ያሉበትን ምስል አልቃወምም፤ ያለዚያ የመንገድ ፊልም የሚባል ነገር አይኖርም። የምቃወመው ፊቱ የሚለይ፣ በኀዘኑ ወይም በድካሙ ላይ ያለ ሰው፣ መልስ የሚሰጥበት ዕድል ሳያገኝ መወሰዱን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቅራኔ እንዳለ አልሸሽግም። ከደኅንነት አንጻር ከሁሉ የሚሻለው ካሜራውን በመነሻው አስነሥቶ እስከ መድረሻው አለመንካት ነው። ካርዱ ይችላል፤ በሴኮንድ 60 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 27 ጊጋባይት ያህል ስለሚፈጅ፣ ባለ 64 ጊጋባይቱ ካርድ ከሁለት ሰዓት በላይ ይበቃል። እንዲህ ሲሆን መቆጣጠሪያው የሚያገለግለው በመልካሙ ስፍራ ላይ ምልክት ለማኖር ብቻ ነው። ጣት አይሳሳትም፤ ዓይንም አይባክንም። ነገር ግን ሳያቋርጥ የሚቀርጽ ካሜራ መንደሩንም፣ ለቅሶውንም፣ በምንጭ ዳር የሚታጠበውንም ሁሉ ሳይመርጥ ይወስዳል። ሞተረኛውን የሚያድነው አሠራር መንገደኛውን አሳልፎ ይሰጣል። ለመንገደኛው ሲባል በየመንደሩ መዝጋትና መክፈት ደግሞ፣ ሕፃናትና ከብት መንገድ በሚያቋርጡበት በዚያው ቦታ የሞተረኛውን ጣትና ሐሳብ ይወስዳል።

እኔ የምሠራበት መንገድ መንገዱን አስቀድሞ በክፍል መክፈል ነው። ከመንደር ውጭ ያለው ቁልቁለት አንድ ክፍል ነው፤ መንደሩ ሳይደረስ ጥግ ይዤ እቆማለሁ፤ እግሬ መሬት ሲነካ ቁልፉን እጫናለሁ፤ ቀይ መብራቱ መጥፋቱን አያለሁ፤ ከዚያ የሌንሱን ክዳን አለብሳለሁ። ክዳኑ ለመንደሩ ሰው ነው፤ መብራት ምን ማለት እንደ ሆነ ባያውቅም የተሸፈነ ዓይን ምን ማለት እንደ ሆነ ማንም ያውቃል። መንደሩ ራሱ የሚፈለግ ከሆነ ሞተሩ ይጠፋል፤ የራስ ቁሩ ይወልቃል፤ ሰላምታ ይቀድማል፤ ቀረጻው በእጅ በተያዘ ካሜራ ይሆናል። በዚህ ዘዴ በቀን ከምሸፍነው መንገድ ሲሶው ያህል ይቀንሳል። ባልደረቦቼ በዝግታዬ ያሙኛል፤ ሐሜታቸውም ከእውነት የራቀ አይደለም።

አስተባባሪው ሰዓቱን እያሳዩኝ ነው። ከአዳራሹ በስተኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዓይነት መቆጣጠሪያዎች፣ አንድ የሞተር መሪና ጥንድ የክረምት ጓንት አስቀምጫለሁ። በሻይ ዕረፍት ጊዜ ጓንቱን አጥልቃችሁ፣ ዓይናችሁን በግድግዳው ላይ ባለው ሥዕል ላይ አድርጋችሁ፣ በግራ አውራ ጣታችሁ ካሜራውን አሥር ጊዜ አስነሥታችሁ አሥር ጊዜ አቁሙ። ከዚያ ካርዱን አብረን እንከፍታለን።